ጎመን በጤና፣ ግን ስንት ጭልፋ?

ዳንግላ ገበያ፣ ቅመም ተራው ጫፍ ላይ፣ አንድ ጎረምሳ በባትሪ የሚሠራ ድምፅ ማጉያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይለፈልፋል። ከፊቱ በተዘረጋ ማዳበሪያ ላይ በላስቲክ የተቋጠረ ዱቄት ተደርድሯል፤ ሲያዩት ሽሮ ላይ እርድ የተነሰነሰበት ይመስላል። «ነጭ ሽንኩርት አለው! ዝንጅብል አለው! እርድ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ አብሽ! ደም ያቀጥናል፣ ደም ያጠራል! ለደም ብዛት፣ ለስኳር፣ ለሪህ!» አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ጠዋት፣ በባዶ ሆድ። ተጠጋሁና ጠየቅሁት። ከሐኪም ቤት ደም ማቅጠኛ የታዘዘለት ሰው ቢወስደውስ? ትንሽ አሰበ። «ያው አንድ ናቸው ጋሼ፤ ሲደመሩማ ይበልጥ ያቀጥናል!» አለኝ፣ ምርቃት እንደሚጨምር ሰው።

ልጁን አልወቅሰውም። ነጋዴ የያዘውን ያሞግሳል። ደግሞም ሳያውቀው ዋናውን አደጋ በአንድ አፍ ተናግሮታል፤ ሲደመር ይበልጣል። የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። ይህ መደመር አደጋ እንጂ ምርቃት እንዳልሆነ ለልጁ ቀድሞ መንገር የነበረበት ማን ነው? ለገዢውስ?

«የሚመለከተው አካል» ትሉኛላችሁ። እሺ፣ የሚመለከተው አካል ማን ነው? ስሙን ስሰማ ዕድሜዬን ጨረስሁ፤ ሲመለከት ግን አይቼው አላውቅም። ስለዚህ በስም አልጠራችሁም። የምጽፈው ለምታዝዙት፣ ለምትሸጡት፣ ለምትቆጣጠሩት፣ ለምታስተምሩት፣ በአየር ሰዓት ለምትመክሩት ነው። ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ከቃሉ እንጀምር። «ደም ማቅጠን» ምን ማለት ነው? ወጥ ሲወፍር ውሃ ጠብ ይደረግበታል፤ ይቀጥናል። ደም እንደዚያ ነው? አይደለም። ዋርፋሪንም ሆነ አስፒሪን ደምን እንደ አጥሚት አያቀጥኑትም። ደሙ ያው ነው፤ የሚዘገየው መርጋቱ ነው። አስፒሪን ፕላትሌት የሚባሉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ይይዛል። ዋርፋሪን ደግሞ ጉበት በቫይታሚን ኬ እየታገዘ የሚሠራቸውን ደም አርጊ ንጥረ ነገሮች ያሳንሳል። ሁለቱ የሚገቡበት በር ለየቅል ነው። በእኛ አፍ ግን ሁለቱም «ደም ማቅጠኛ» ናቸው። ነጭ ሽንኩርትም «ደም ማቅጠኛ» ነው። ሦስቱን በአንድ ስም ጠርታችሁ ስታበቁ፣ ሕመምተኛው አንዱን በሌላው ቢተካ ጥፋቱ የማን ነው?

ይባስ ብሎ የደም ግፊትን «ደም ብዛት» አልነው። እስቲ አንድ የፋግታ ገበሬ ሆነን እናስብ። «ደም ብዛት አለብህ» ተባለ። ደሙ በዝቷል ማለት ነው። የበዛ ነገር ምን ይደረጋል? ይቀነሳል፣ ካልሆነም ይቀጥናል። እንግዲህ ነጭ ሽንኩርቱን በባዶ ሆዱ ያኝካል፤ ሲብስበት ዋግምት ይታገማል። ይህ ሰው የት ላይ ተሳሳተ? የትም አልተሳሳተም። የሰጣችሁትን ቃል ይዞ ቀጥ ብሎ ነው የሄደው። ግፊት ማለት ደም የሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ጉልበት እንደሆነ፣ ከደሙ መወፈርና መቅጠን ጋር አንድ እንዳልሆነ ማን ነገረው? ነጭ ሽንኩርት ግፊትን በጥቂቱ እንደሚያወርድ ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ የሐኪሙን ኪኒን እንደማይተካ ግን ማን አስረዳው? ግፊቱ ሳይስተካከል የደሙ መርጋት ቢዘገይ አንጎል ውስጥ የመድማት አደጋ እንደሚጨምርስ? መቼ ሊነገረው? በር ላይ ሠላሳ ሰው ተሰልፎ እያለ?

«ደም ያጠራል» የሚለውንማ ተዉት። ኩላሊት ምን ሊሠራ ተፈጠረ?

ወደ ነጭ ሽንኩርቱ ልመለስ። መርጋትን ይነካል ወይ? ይነካል። ሲቀጠቀጥ የሚወጣው አሊሲንና ከእሱ የሚገኘው አጆኢን በቤተ ሙከራ ፕላትሌት እንዳይጣበቅ ያደርጋሉ። በ1990 እ.ኤ.አ. ነጭ ሽንኩርት አብዝተው ይበሉ የነበሩ አንድ አዛውንት ሳይወድቁና ሳይመቱ የአከርካሪያቸው ቦይ ውስጥ ደምተው መገኘታቸው በሕክምና መጽሔት ተዘግቧል። በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት የወጣ ምክር ደግሞ በመድኃኒት መልክ ነጭ ሽንኩርት የሚወስድ ሰው ከቀዶ ሕክምና ቢያንስ 7 ቀን አስቀድሞ እንዲያቆም ይላል። እንግዲያው ወጥ ውስጥ ገብቶ፣ ሁለት ሰዓት ተቁላልቶ፣ ለሰባት ሰው የሚከፋፈለው አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርትስ? እሱ ለማንም የሚያሰጋ አይደለም። ጥሬው፣ ዱቄቱ፣ በየማለዳው በማንኪያ የሚዋጠው ነው ሌላ ጉዳይ። ዝንጅብልና እርድም ቤተ ሙከራ ውስጥ ያሳዩትን ጉልበት ሰው ላይ ሲሞከሩ አንዴ ያሳያሉ፣ አንዴ ይነሳሉ።

ይህን ልዩነት በአየር ሰዓታችሁ ስንት ጊዜ ተናገራችሁ? «ነጭ ሽንኩርት ለልብ ጥሩ ነው» ማለት ቀላል ነው። ለየትኛው ልብ? ጥሬ ነው ወይስ ብስል? ስንት ፍሬ? ከየትኛው ኪኒን ጋር? ነገ ጥርሱን ሊያስነቅል ቀጠሮ ላለው ሰውስ?

በጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲሰበሰቡ ካያችሁ፣ ከሚጋልቡት መካከል ጠጉራቸው የሸበተ ብዙ አባቶች አሉ። አንዳቸውም አስፒሪን አይወስዱም? አንዳቸውስ በላዩ የዳንግላውን ዱቄት አይጨምሩበትም? ፈረስ ቢጥላቸውና ጭንቅላታቸውን ቢመቱ፣ በማግስቱ የሚመጣ ራስ ምታት «በእንቅልፍ ይለቃል» የሚባል እንዳልሆነ፣ ድድ ሲደማ፣ ሽንት ሲቀላ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ሲጠቁር ቀጠሮ ሳይጠብቁ መሮጥ እንደሚገባ ኪኒኑን የሰጣቸው ሰው ነግሯቸዋል?

አሁን ደግሞ አንድ ካርድ ላሳያችሁ። የካርዱ ባለቤት የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ገና ሃያዎቹን መጀመሯ ነው። ቤታቸው እንጅባራ ዳር ላይ ነው፤ ጓሮው ድንችና ጎመን። በልጅነቷ ጉሮሮዋን እየመላለሰ ያማት ነበር፤ በዳማከሴና በጤና አዳም ታለፈ። ቀጥሎ ጉልበቷና ክርኗ አበጠ፤ ቁርጥማት ነው ተባለ። የጉሮሮ ሕመሙ በጊዜው በፔኒሲሊን ቢታከም ኖሮ ልቧ ላይነካ ይችል ነበር፤ ይህን ያወቁት የልቧ ቫልቭ ከተበላሸ በኋላ ነው። ዕድለኛ ናትና ቫልቩ ተቀየረላት። ሰው ሠራሽ ነው። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ይሰማዋል፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ እንደ ግድግዳ ሰዓት።

እዚያ ቫልቭ ላይ ደም እንዳይረጋ ዕድሜ ልኳን ዋርፋሪን ትውጣለች። ባለ 5 ሚሊግራሙን ኪኒን በምላጭ ለሁለት ትከፍለዋለች፤ አንድ ቀን ሙሉ፣ አንድ ቀን ግማሽ። ፍርፋሪውን በጣቷ ጫፍ ለቅማ ስትልሰው አይቻለሁ። ግማሹ እኩል ግማሽ እንዲሆን ምላጭ ከመስጠት የተሻለ ነገር አላሰባችሁም?

ካርዱ አራት ታጥፎ የኖረ ወረቀት ነው፤ ማጠፊያው ላይ ተበልቷል፣ አንድ ጥጉን ዘይት ነክቶታል። ሦስት ዓምድ አለው፤ ቀን፣ አይኤንአር፣ መጠን። አይኤንአር ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ ከጤነኛ ሰው ጋር የሚያስተያይ ቁጥር ነው። መድኃኒቱን የማይወስድ ሰው 1 አካባቢ ነው። ለእሷ የተጻፈላት ከ2.5 እስከ 3.5 ነው። ቁጥሩ ከዚያ ሲወርድ ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ፣ የረጋውም ተነቅሎ አንጎል ሊገባ ይችላል። ሲያልፍ ደግሞ ልትደማ ትችላለች። የአንዱ ሚያዝያ ቁጥሯ 4.6 ይላል። የአንዱ ነሐሴ 1.6። የአምናው ነሐሴ? 1.5። ከነሐሴ እስከ ሚያዝያ ባለው ውስጥ ባዶ መስመሮች አሉ፤ ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

ወሮቹን ከባሕረ ሐሳቡ ጋር አስተያየሁ። ነሐሴ ፍልሰታ ነው። በአዊ ደጋ ጎመን ከጓሮ አልፎ አጥር የሚዘልበት፣ እህል ከጎተራ የሚያልቅበት ወር ነው። ቀን ጎመን፣ ማታ ጎመን። ሚያዝያ ደግሞ የፋሲካ ማግሥት ነው። 55 ቀን የጾመ ቤት ወደ ሥጋው፣ ወደ እንቁላሉ፣ ወደ ጠላው ዞሯል፤ ጎመኑን የሚያስታውሰው የለም። የመጠን ዓምዱ ላይ እጁ የማይነበብ ሰው በነሐሴ ኪኒን ጨምሯል፣ በሚያዝያ ቀንሷል። ቁጥር ሲወርድ ጨምር፣ ሲወጣ ቀንስ። በዚህ ሁሉ መካከል «ሰሞኑን ምን በላሽ?» ብሎ የጠየቃት አለ? ሁለት ዓመት ሙሉ ያንኑ ኪኒን ከጾም ኋላ ኋላ ስታሯሩጡ፣ የጾሙ ቀን በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እያለ፣ አንድ ጊዜ ቀና ብላችሁ አላያችሁትም?

የለም፣ አልተነገረም አልልም። አንድ ጊዜ ተነግሯታል። «ጎመን እንዳትበዪ።» በቃ፣ ሁለት ቃል። የትኛውን ጎመን? ጥቅል ጎመንም ጎመን ነው፣ የሐበሻ ጎመንም ጎመን ነው፤ በቫይታሚን ኬ ግን አይተካከሉም። ቆስጣስ? ሰላጣስ? 100 ግራም የበሰለ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ቅጠል በመቶዎች የሚቆጠር ማይክሮግራም ቫይታሚን ኬ ይይዛል፤ ለአዋቂ በቀን የሚመከረው ከ90 እስከ 120 ነው። ድንች ግን ከዚህ ግባ የሚባል የለውም። ይህን የሚያሳይ ሠንጠረዥ በሌላው ዓለም ለሕመምተኛ ይታደላል። የእኛው የጓሮ ጎመን ስንት ይዟል? ለክታችሁት ከሆነ ቁጥሩ እናቷ ዘንድ ለምን አልደረሰም? በማይክሮግራም አላልሁም። እናት በማይክሮግራም አታወጣም፤ በጭልፋ ነው የምታወጣው። በጭልፋ ማን ተረጎመላት?

የሚያበሳጨው ደግሞ ምክሩ ራሱ ጎዶሎ መሆኑ ነው። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጎመኑን አያዛንፍ ነው የሚባለው። በሳምንት ሦስት ጭልፋ የሚበላ ከሆነ ሁልጊዜም ሦስት ጭልፋ ይብላ፤ ኪኒኑ በዚያ ልክ ይሰፋለታል። ቅጠል ጭራሽ የማይነካ ሰው እንዲያውም ባሰበት፤ ሰውነቱ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ ጥቂት ስለሆነ አንድ ቀን ሠርግ ቤት የቀመሰው ጎመን ቁጥሩን ሊያናጋው ይችላል። ይህ ትናንት የተገኘ ሚስጥር አይደለም፤ መማሪያ መጻሕፍቱ ውስጥ አለ። ታዲያ «አትብላ» የተመረጠው ለምንድን ነው? ለመናገር ስለሚያጥር? ወይስ ኋላ ነገር ሲበላሽ «በላህ እንዴ? አላልኩህም?» ለማለት ስለሚያመች?

በሌላ በኩል ቤት ለቤት የሚመጣው ትምህርት ምን ይላል? ጓሯችሁ አትክልት ትከሉ፣ ቅጠላ ቅጠል ከማዕዳችሁ አይጥፋ። ደግ ነው፤ ለእርጉዝም ለሕፃንም ይበጃል። ግን አንደኛችሁ ትከሉ፣ ሌላኛችሁ ንቀሉ ስትሉ ሁለታችሁ ተገናኝታችሁ ታውቃላችሁ? ሁለቱም ምክር የገባው አንድ ቤት ነው። እናትየው ባለፈው ደጃፌ ላይ ያዘችኝ። «አንተ ፊደል የቆጠርኸው፣ እስቲ ንገረኝ። ‘ጎመን በጤና’ እያልሁ ያሳደግኋት ልጅ ናት። ጾም ነው፣ ወተት የለም። ሽሮው አልቋል። ጎመኑን ከለከሏት። ድንች ብቻ እያላመጠች ትኑር?» ምን ልበላት? እናንተስ ምን ትሏታላችሁ?

ባዶዎቹ መስመሮች «ሪኤጀንት የለም»፣ ማለትም የመመርመሪያው ኬሚካል አልቋል፣ የተባለባቸው ቀኖች ናቸው። አንዲት ቁጥር ለማግኘት በሌሊት ተነስቶ፣ መናኸሪያ ተጋፍቶ፣ መኪና ተሳፍሮ፣ ካርድ ክፍል ተሰልፎ፣ መጨረሻ ላይ «የለም»። መቼ ይመጣል? አይታወቅም። እስከዚያ ምን ታድርግ? በያዘችው ትቀጥል። በያዘችው የትኛው? ወርዶ ይሁን ወጥቶ ያልታወቀው? ሪኤጀንቱ እንደሚያልቅ ከማለቁ በፊት የሚያውቅ ሰው አልነበረም? ስልኳ ካርዱ ላይ ተጽፎ እያለ ከመምጣቷ በፊት «አትምጪ» ብሎ የሚደውልስ?

ጣት ጫፍ ተወግቶ በጠብታ ደም፣ በደቂቃ ውስጥ አይኤንአር የሚያነብ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አለ። የስኳር መለኪያውን ይመስላል። የስኳር መለኪያው ከተማ ለከተማ ገብቶ ሰው ቤቱ ድረስ ወስዶታል። ይኼኛውን ምን ያዘው? ዋጋው ነው? ስትሮክ መትቶት ዓመት ሙሉ የሚገለበጥ ሰው ለቤተሰቡ ስንት እንደሚያወጣ ደምራችሁ፣ ከዚያ ጋር አስተያይታችሁ ነው «ውድ ነው» ያላችሁት? በአዲስ አበባም በሌሎች የአገሪቱ ሆስፒታሎችም የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያገኙት አንድ ነገር ነው፤ ዋርፋሪን ከሚወስዱት አብዛኞቹ አብዛኛውን ጊዜያቸውን የሚያሳልፉት ከሚፈለገው ልክ ውጭ ነው። ጥናቱ ተሠራ። ታተመ። ማዕረግ ተሰጠበት። ከዚያስ?

በነገራችን ላይ፣ ስለ ሽንኩርትና ጎመን ስንጨቃጨቅ ጅቡ በሌላ በር ገብቷል። ዋርፋሪንን እንደ ሜትሮኒዳዞልና እንደ ኮትሪሞክሳዞል ያለ ጉልበት የሚያባብስ ቅመም ገበያ ውስጥ የለም። አንዱ ለአሜባ፣ አንዱ ለኢንፌክሽን ይዋጣል፤ ሁለቱም አይኤንአርን በጥቂት ቀን ውስጥ ሽቅብ ሊያስወነጭፉት ይችላሉ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ጨጓራን ልጠው የሚደማ ቦታ ያዘጋጃሉ። እነዚህን ያለ ማዘዣ በመስኮት ስትሸጡ «ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ? እኔ በዕድሜዬ ለአሜባ ስንት ጊዜ ገዝቻለሁ፤ የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም። የዳንግላው ጎረምሳ ዋርፋሪንን ባያውቅ አይፈረድበትም። እናንተ ግን ነጭ ጋዋን ለብሳችኋል።

ቅጠል ንቄ እንዳይመስላችሁ። ዋርፋሪን ራሱ መነሻው መኖ ነው። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በሰሜን አሜሪካ ከብቶች ቀንዳቸው ሲቆረጥ፣ ሲኮላሹ፣ ደማቸው አልቆም እያለ ያልቁ ጀመር። የበሉት ስዊት ክሎቨር የተባለ ድርቆሽ ሻግቶ ነበር። በ1933 አንድ የዊስኮንሲን ገበሬ የሞተች ጊደሩን፣ የሻገተውን ድርቆሽና በወተት ዕቃ የተቀዳ የማይረጋ ደም ጭኖ በበረዶ ውሽንፍር ወደ ዩኒቨርሲቲው መጣ። ካርል ሊንክ የተባለው ኬሚስትና ባልደረቦቹ ስድስት ዓመት ለፍተው በ1939 ጥፋተኛውን ለዩት፤ ዳይኩማሮል ይባላል። የእሱ ዘመድ ዋርፋሪን በ1948 የአይጥ መርዝ ሆኖ ወጣ፤ በ1954 ለሰው ተፈቀደ፤ በማግሥቱ ዓመት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ልባቸውን ሲያማቸው ተሰጣቸው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይቆጨኛል። አንደኛው፣ ዛሬ «ጤና አዳም ኩማሪን አለው፣ አብሽ ኩማሪን አለው፣ ስለዚህ እንደ ዋርፋሪን ነው» የሚሉ መካሪዎች በዝተዋል። ኩማሪን በራሱ መርጋትን አያዘገይም። ድርቆሹ ውስጥ የነበረውን ኩማሪን ወደ ገዳይነት የቀየረው ሻጋታው ነው። ስሙን ይዛችሁ ስትሮጡ ግማሹን ታሪክ ምን በላው? ሁለተኛው የገበሬው ነገር ነው። ሰውየው የወተት ዕቃውን ይዞ በር አንኳኳ፤ የሚከፍትለት አገኘ፤ ያመጣው ደም ስድስት ዓመት ተጠናለት። የእኛዋ እናት የልጇን ካርድ ይዛ የት ታንኳኳ?

እንጅባራ እኮ ኮሶበርም ትባላለች። በስሟ ውስጥ መድኃኒት ያለባት ከተማ ናት። ኮሶን የወሰዱ አያቶች ልክ ካለፈ እንደሚያንገላታ ያውቁ ነበር፤ እርጉዝ እንዳትነካውም ያስጠነቅቁ ነበር። መጠንና ክልከላ ያለ ላቦራቶሪም ነበረን ማለት ነው። የሺናሻ፣ የአገው አዊና የአማራ ሕዝቦችን መድኃኒት ዕፅዋት የመዘገበ ጥናት በ2007 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፍ መጽሔት ታትሟል። እንዲህ ያሉ ጥናቶች ቅጠሉን ከበሽታው ጋር ያገናኙልናል። ቅጠሉን ከኪኒኑ ጋር የሚያገናኝ አንድ ገጽ ግን በየትኛው ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል? ዋርፋሪኑ ካርቶን ውስጥ ያለው ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው፤ ፊደሉ የጉንዳን እግር ያክላል። አማርኛውስ የት አለ? በአዊኛ አፏን የፈታችው እናትስ? ለምርጫ፣ ለክትባት፣ ለማዳበሪያ የሚተረጎመው ቋንቋ ለዚህ ሲሆን ምን ነካው?

«አዲስ መድኃኒት መጥቷል፣ ምግብ አይመርጥም፣ ምርመራም አይፈልግም» የምትሉም አላችሁ። ለአንዳንዱ ሰው እውነት ነው። ለዚህች ልጅስ? በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ሙከራ ከአዲሶቹ አንዱን፣ ዳቢጋትራንን፣ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላላቸው ሰዎች ሰጥቶ መርጋቱም መድማቱም ስለበዛ ተቋረጠ። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ደግሞ በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ 24 አገሮች ከ4500 በላይ ሕመምተኞችን ያሳተፈ ነው። የሩማቲክ የልብ ሕመምና የልብ ምት መዛባት ባለባቸው ላይ ከአዲሶቹ ሌላውን፣ ሪቫሮክሳባንን፣ ከዋርፋሪንና ከመሰሎቹ ጋር አወዳደረ። ያነሰ ሰው የሞተው በነዋርፋሪን በኩል ነው። ስለዚህ በልጅነት ጉሮሮ ሕመም ልቡ የተጎዳ የደጋ ልጅ ከዋርፋሪንና ከጎመን ጋር ገና አብሮ ይኖራል። ይህን እያወቃችሁ «አዲሱን ጠብቁ» የምትሉት እስከ መቼ ነው? ደግሞስ በምን ብር?

የጠየቅሁት ተራራ ግፉልን አይደለም። አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ በጭልፋ የተለካ ጎመን፣ በፍሬ የተቆጠረ ነጭ ሽንኩርት፣ ከዋርፋሪን ጋር አብረው የማይወሰዱ ኪኒኖች ስም፣ የመድማት ምልክቶች። ካርዱ ላይ «ጾም» የሚል አራተኛ ዓምድ ለመጨመር በጀት ይጠይቃል? አንድ ማስመሪያና አንድ እስክሪብቶ አይበቃም? የመድኃኒት መስኮት ላይ አንዲት ጥያቄ ለመጠየቅ ሥልጠና ያስፈልጋል? አበል?

ይህን የምጽፈው ሐምሌ 24 ነው። ዝናቡ ከትናንት ጀምሮ አላባራም። ፍልሰታ ሊገባ ሳምንት ቀርቶታል። ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤቴ ጎመን ወገብ ደርሷል፤ ጎተራቸው ባዶ ነው። የልጅቷ ቀጠሮ ጥቅምት 6 ነው።